የአእምሮ ሕክምና ወረቀት ለኢንሹራንስ ሲቀርብ ምስጢርን እንዴት መጠበቅ ይቻላል፦ ሐዋሳ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሐዋሳ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የባንክ ሠራተኛዋ የመሥሪያ ቤቷን የሰው ሀብት ኃላፊ በዕድር ታውቀዋለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሱፐርቫይዘር ከሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ስለዚህ ለጭንቀት፣ ለድብርት፣ ለእንቅልፍ ማጣት ወይም ከዚያ ለከበደ የአእምሮ ሕመም ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሐኪሙን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ደረሰኙ በማን እጅ ያልፋል? ማዘዣውን ማን ገልጦ ያነበዋል? ይህን ፈርተው የሚገባቸውን ገንዘብ የተዉ፣ ከዚያም ብሶ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አሉ።

በሰው ሀብት ክፍል ስሠራ የሕክምና ወጪ ማመልከቻዎች በጠረጴዛዬ ያልፉ ነበር። ለክፍያው በእርግጥ የሚያስፈልገው ወረቀት ጥቂት ነው፤ ያለ ምክንያት ተያይዞ የሚመጣው ግን ብዙ ነው። ከፋዩ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ አገልግሎቱ ተሰጥቷል ወይ፣ ገንዘቡ ተከፍሏል ወይ፣ በውሉ ይሸፈናል ወይ። በሐኪሙ ክፍል ውስጥ የተናገሩት ታሪክ ከሦስቱ ውስጥ የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ልዩነት ወረቀት ላይ ለማስጠበቅ ነው።

1. ከፋዩ ማን እንደሆነና ወረቀቱ በየት እንደሚሄድ ይለዩ

«ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር የለውም። ሐዋሳ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

አሠሪው ራሱ የሚከፍል ከሆነ፣ ሠራተኛው ደረሰኝ ሰብስቦ ለሰው ሀብት ክፍል ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ፋይናንስ፣ ከዚያ ወደ ካሸር ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቱን የሚያዩት በየቀኑ ሻይ አብረው የሚጠጡ ባልደረቦች ናቸው። የክፍያ ሰነድ ደግሞ ለኦዲት ስለሚቀመጥ ዓመታት ይቆያል።

አሠሪው ከመድን ድርጅት የቡድን የሕክምና መድን ገዝቶ ከሆነ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ውል ካለው ሆስፒታል በዱቤ መታከም ነው፤ ሆስፒታሉ ሒሳቡን በቀጥታ ለኢንሹራንሱ ይልካል። ሁለተኛው ከኪስ ከፍሎ በኋላ ማስመለስ ነው። በዱቤው መንገድ ወረቀቱ በቢሮዎ አያልፍም፤ ነገር ግን ምን እንደተላከ እርስዎም አያዩትም። በማስመለሱ መንገድ ወረቀቱ በእጅዎ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን «በእኛ በኩል ይላክ» ይላሉ። ለኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ በቀጥታ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ ያለብዎት እዚህ ላይ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የትኛውም ይሁን፣ ወረቀቱ የሚያልፍባቸውን እጆች በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ እጅ አጠገብ «ይህ ሰው ምን ማወቅ አለበት?» ብለው ይሙሉ። ካሸሩ የብሩን መጠን ብቻ ነው የሚፈልገው። የሰው ሀብት ኃላፊው የውሉ ተጠቃሚ መሆንዎን ብቻ ማረጋገጥ አለበት። የሕመሙ ስም የሚያስፈልግ ከሆነ እንኳ፣ የሚያስፈልገው የክፍያ ጥያቄውን ለሚያጣራው የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ወይም ለኢንሹራንሱ አማካሪ ሐኪም ነው።

2. ከመታከምዎ በፊት ውሉን ይጠይቁ፤ ግን ስለ አእምሮ ሕክምና ብቻ አይጠይቁ

«የአእምሮ ሕክምና ይሸፈናል?» ብሎ ቢሮ ውስጥ መጠየቅ በራሱ መልስ መስጠት ነው። ይልቁንም «የሚሸፈኑትና የማይሸፈኑት ዝርዝር ይሰጠኝ፣ ለቤተሰቤም ማወቅ ፈልጌ ነው» ይበሉ። ሙሉው ዝርዝር በእጅዎ ሲገባ የሚፈልጉትን መስመር ራስዎ ያነቡታል። የአእምሮ ሕክምናን ጨርሰው የማይሸፍኑ ወይም በጣራ የሚገድቡ ውሎች አሉ። የማይሸፈን ከሆነ ደግሞ ወረቀት ማስገባት ምስጢርን በከንቱ ማውጣት ነው።

በዚያው ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለማስመለስ የሚቀርበው ሰነድ ምን ምን ነው? አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል? ሰነዱ በታሸገ ኤንቨሎፕ ለካሳ ክፍሉ ሊደርስ ይችላል? የመጨረሻውን መልስ በጽሑፍ ወይም በኢሜይል ቢያገኙት ይመረጣል።

3. ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይንገሩ

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ እርምጃ ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚጨነቀው፤ ማኅተም ከተመታ በኋላ ግን ማስለወጥ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ወጪውን ኢንሹራንስ ነው የሚሸፍንልኝ፤ ማስረጃው ላይ ምን እንደሚጻፍ ብንነጋገር» ማለት ነውር የለበትም። ሐኪሙ ከካርድዎ ላይ ምኑ እንደሚወጣ ሊነግርዎ ይገባል።

በአሜሪካ ሕግ የሥነ ልቦና ሐኪም በምክክር ጊዜ የሚይዘው የግል ማስታወሻ ከመደበኛው የሕክምና መዝገብ ተለይቶ ከተቀመጠ የተለየ ጥበቃ አለው፤ ኢንሹራንሱ «ማስታወሻውን ካላሳያችሁኝ አልከፍልም» ማለት አይችልም። ቀጠሮው የተደረገበት ቀን፣ የሕመሙ ስያሜና የመድኃኒቱ ዓይነት ግን የመዝገቡ አካል ናቸው። እኛም ሐኪማችንን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የምክክሩ ዝርዝር ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለከፋዩ የሚወጣው ግን አጭር ማጠቃለያ ይሁን።

አጭር ማጠቃለያ ማለት ይህን የመሰለ ነው፦

«አቶ/ወ/ሮ … በካርድ ቁጥር … ከ… እስከ … በሆስፒታላችን ሕክምና ተከታትለዋል። ለምርመራ፣ ለሐኪም አገልግሎትና ለመድኃኒት ብር … ከፍለዋል። ይህ ማስረጃ የተሰጠው ለሕክምና ወጪ ማስመለሻ ብቻ ነው።»

ለአንዳንድ ከፋይ ይህ ይበቃል። ካልበቃው የሕመሙን ስያሜ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ስያሜው ብቻ ይጨመር። መንስኤው፣ የትዳሩ ጠብ፣ የልጅነቱ ታሪክ፣ «ራሴን ላጠፋ አስቤ ነበር» የሚለው ንግግር ለክፍያ አይገቡም።

ስለ ኮድ አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶች «በስም ሳይሆን በኮድ ይጻፍልኝ» ይላሉ። ኮዱ ለተላላኪውና ለመንገደኛው ዓይን ይጋርዳል፤ ምስጢር ግን አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ የአእምሮና የባሕርይ ሕመሞች ሁሉ በኤፍ ፊደል ይጀምራሉ፤ ኤፍ 32 ድብርት መሆኑን ስልክ ያለው ሰው በደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። በአሥራ አንደኛው ምደባ ደግሞ በቁጥር 6 ይጀምራሉ። ኮድ ተጻፈ ብለው ኤንቨሎፑን ሳያሽጉ እንዳይሰጡ።

ከኮዱ በላይ የሚያጋልጠው ማኅተሙ ነው። ማስረጃው ላይ የሳይካትሪ ክፍል ማኅተም ካረፈ፣ ውስጡ ምንም ባይጻፍም ያነበበው ሁሉ ገባው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሁላችንም «ሪፈራል» የምንለው፣ ሁሉም ዓይነት ሕመምተኛ የሚሄድበት ነው፤ አዳሬ ሆስፒታልም እንዲሁ። የሆስፒታሉ ስምና አጠቃላይ ማኅተም ብቻ ያለበት ወረቀት ምንም አይናገርም። ስለዚህ ማስረጃው በክፍሉ ማኅተም ሳይሆን በሆስፒታሉ ማኅተም እንዲወጣ በትሕትና ይጠይቁ። ስሙ ላይ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ክሊኒክ ከመረጡ ግን ደረሰኙ ራሱ እንደሚናገር አስበው ይግቡ።

4. «ታይፎይድ ተብሎ ይጻፍልኝ» አይበሉ

ይህን ምክር ከወዳጅ ይሰማሉ፤ ወዳጅም ለበጎ ብሎ ነው የሚናገረው። እባክዎ አይስሙት።

አንደኛ፣ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ማስረጃው ታይፎይድ እያለ የፋርማሲው ደረሰኝ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙትን ሪስፔሪዶን ወይም ፍሉኦክሰቲን ካለ፣ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ፋይሉን ለማጣራት ወደ ሆስፒታሉ ይመልሰዋል። ሊሸሹት የፈለጉት ዓይን በእጥፍ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ሐኪሙን ከሙያ ፈቃዱ ጋር፣ እርስዎን ከሕግ ጋር ያጋጫል። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፦ ነገ በድንገተኛ ክፍል የሚያይዎ ሌላ ሐኪም የተሳሳተ ታሪክ ያነባል፤ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር የማይስማማ ነገር ሊያዝልዎ ይችላል።

አዲስ የሕይወት ወይም የሕክምና መድን ሲገቡ የሚሞላው የጤና መጠይቅም እንዲሁ ነው። ስለ መድን የሚደነግገው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል፣ መድን ገቢው ኢንሹራንሱ አደጋውን እንዲመዝን የሚያስችሉ፣ ራሱ የሚያውቃቸውን ነገሮች በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ መደበቅ ወይም ሐሰት መናገር ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ለተጠየቁት ጥያቄ እውነቱን ይመልሱ። መልሱ አጭር ይሁን፦ «በ… ዓ.ም ሕክምና ተከታትያለሁ፤ አሁን በክትትል ላይ ነኝ።» መጠይቁን የሰው ሀብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ቤትዎ ሞልተው፣ አሽገው ይመልሱ።

እውነትን ማሳጠር ይቻላል። መለወጥ አይቻልም።

5. የሕመም ፈቃዱንና የወጪ ማስመለሻውን ይለያዩ

ብዙ ምስጢር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው አንድ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ይመጣና ለፈቃዱም ለገንዘቡም ያንኑ ያቀርባል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ በቀረበት ማግስት ለአሠሪው ያሳውቃል፣ የሕክምና ማስረጃም ያቀርባል። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ለዚህ አሠሪው የሚያስፈልገው ከመቼ እስከ መቼ መሥራት እንደማይችሉ ነው። «ከ… እስከ … ቀን የሕክምና እረፍት ያስፈልጋቸዋል» የሚል ማስረጃ ለብቻው ያጽፉ፤ በግል ማኅደርዎ የሚገባው እሱ ብቻ ይሁን። የወጪው ወረቀት በሌላ ኤንቨሎፕ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ።

አለቃዎ «ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ ቢጠይቅ «ሕክምና ላይ ነኝ፣ እየተሻለኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በቂ መልስ ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ከደግነት ነው፤ በቁጣ አይመልሱት።

6. የፈቃድ ቅጹን ሳያነቡ አይፈርሙ

የካሳ ጥያቄ ቅጽ ከሥሩ ብዙ ጊዜ «ማንኛውም ሐኪም ስለ እኔ ያለውን ማንኛውንም መረጃ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ» የሚል መስመር አለው። «ማንኛውም» የሚለውን ቃል ሲያዩ ብዕሩን ያስቀምጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ውስጥ ያስገባል፤ ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ከዚያ በፊትም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ስለዚህ ፈቃዱን ማጥበብ መብትዎ ነው። በቅጹ ላይ መሰረዝ ካልተፈቀደ ይህን የመሰለ ወረቀት ያያይዙ፦

«እኔ … ከ… እስከ … ለተከታተልኩት ሕክምና፣ ክፍያውን ለማረጋገጥ ብቻ፣ የቀጠሮዬ ቀናት፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና የሕመሙ ስያሜ ለ… ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል እንዲገለጽ ፈቅጃለሁ። ከሐኪሜ ጋር የተነጋገርኩት ዝርዝር፣ የራሴና የቤተሰቤ ታሪክ በዚህ ፈቃድ አይካተትም። መረጃው ለአሠሪዬ እንዲተላለፍ አልፈቀድኩም። ፈቃዱ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለ90 ቀን ይጸናል።»

የዚህን ቅጂ ለሆስፒታሉም ይስጡ። ኢንሹራንሱ ተጨማሪ ከጠየቀ ሆስፒታሉ ከእርስዎ ሳያረጋግጥ እንዳይልክ ያስታውሰዋል።

7. ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ስልክና ቴሌግራም

ስለ ዶሴና ስለ ማኅተም ተጨንቀን፣ ወረቀቱን የምናወጣው ግን በራሳችን እጅ ነው።

ከሆስፒታል በር ላይ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ሲያስደርጉ ፋይሉ የባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም በእሱ ቴሌግራም ነው የሚላክልዎ። ቆመው ያስጠፉት፤ ከቴሌግራሙም ከኮምፒውተሩም። የተበላሸውን ኮፒ ይዘው ይውጡ። ከተቻለ ስካን የሚያደርግ አፕ በራስዎ ስልክ ላይ መጠቀም ይሻላል።

መድኃኒት ሲጠፋ ማዘዣን ፎቶ አንስቶ «የት ይገኛል?» ብሎ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ማዘዣው ላይ ስምዎ፣ ዕድሜዎ፣ የካርድ ቁጥርዎ፣ አንዳንዴም የሕመምዎ ስም አለ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ብቻ በጽሑፍ ይጠይቁ። እንደ ዲያዜፓም ያሉት በልዩ ማዘዣ የሚጻፉ ሲሆን ወረቀቱ ፋርማሲው ዘንድ ይቀራል፤ ለማስመለሻ ደረሰኙ ያስፈልግዎታልና ሳይቀበሉ አይውጡ።

ለሰው ሀብት ክፍል በቴሌግራም «ደረሰኙን ልኬልሃለሁ» ማለትም ይቅር። የተላከው ሰው ስልኩን ለልጁ ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ይጠፋበታል። የዲጂታል መዝገብ አደጋ የእኛ ብቻ አይደለም፦ ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ለሐኪም የነገሩት ታሪክ ለማስፈራሪያ ውሏል። ሌባው ያገኘው የደረሰኝ ቁጥር አልነበረም፤ የምክክሩን ማስታወሻ ነበር። የምክክር ዝርዝር ከክፍያ ወረቀት ጋር አብሮ አይጓዝ የምለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን በአካል ሲያስገቡ ኤንቨሎፑን ያሽጉ፣ መዝጊያው ላይ ይፈርሙበት፣ «ምስጢራዊ፤ ለካሳ ክፍል ብቻ» ብለው ይጻፉበት። የተቀበለውን ሰው ስምና ቀን አስፈርመው የሁሉንም ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።

8. የቤተሰብ ተጠቃሚዎች

የቡድን መድኑ በባል ስም ሆኖ ሚስት ወይም ልጅ ሲታከሙ፣ የወጪው ዝርዝር የሚደርሰው ለባል ነው። ሚስት ለባሏ ገና ያልነገረችው ሕክምና ካለ፣ ወረቀቱ ቀድሟት ይናገራል። ይህን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፦ ወይ መንገር፣ ወይ ለዚያኛው ሕክምና በመድኑ አለመጠቀም። በአንጻሩ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ምስጢር ሁለተኛ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚያምነው ዘመድ ሊያውቅለት ይገባል።

9. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከሆነ

አባሉ ደረሰኝ አይሰበስብም፤ ጤና ተቋሙ ራሱ ከመድኑ ይጠይቃል። ስለዚህ በቢሮ የሚዞር ወረቀት የለም። ጥንቃቄ የሚሻው የሪፈር ወረቀቱ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ ክፍት ሆኖ ይሰጥዎታል። በእጅዎ ይያዙት፣ ለሰፈር ሰው «አድርስልኝ» ብለው አይስጡ። የመድኑ ኦዲተሮች ካርድ ሊመረምሩ ይችላሉ፤ እነሱም የሚያዩትን ለሌላ መንገር የለባቸውም።

10. ከኪስ መክፈል የሚሻልበት ጊዜ

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነ ደንብ፣ ሕመምተኛ የአንዱን አገልግሎት ሙሉ ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ «ለኢንሹራንሴ አትንገሩ» ካለ ተቋሙ ቃሉን ማክበር አለበት። እኛ ዘንድ ከኪስ ከፍለው ካላስገቡት ማንም አይልከውም። ስለዚህ ሒሳቡን ይሥሩ። የላቦራቶሪውንና የተኝቶ ሕክምናውን ትልቅ ወጪ በኢንሹራንስ አድርጎ፣ የምክክር ክፍያውን ከኪስ መሸፈን ይቻላል፤ ሁሉንም ወይም ምንም የሚል ሕግ የለም። የመድኃኒት ስምም ይናገራልና በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ይታዘዛል፤ ሪስፔሪዶን ግን ለሚያውቀው ሰው ግልጽ ነው። ወጪው የሚከብድዎ ከሆነ ግን ገንዘቡን ያስመልሱ። መድኃኒት ማቋረጥ ከወሬ የከፋ ጉዳት አለው።

11. ምስጢሩ ከወጣ

መጀመሪያ የተሰማውን፣ ከማን፣ መቼ እንደሆነ ይጻፉ፤ የቴሌግራም መልእክት ካለ ፎቶውን ያስቀሩ። ከዚያ ወረቀቱ ወጣበት ለሚሉት ተቋም ኃላፊ በደብዳቤ ያመልክቱ፣ ገቢ ቁጥር ይቀበሉ። በጤና ተቋም ከሆነ ለሆስፒታሉ አመራር፣ ቀጥሎ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ። በኢንሹራንስ ከሆነ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ መድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ። የግል ዳታ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በሙያው ያወቀውን ምስጢር ካወጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣዋል፤ ክሱ የሚነሣው በተበዳዩ አቤቱታ ስለሆነ እርስዎ ካላመለከቱ አይንቀሳቀስም።

ደብዳቤው ላይ የሕመሙን ስም አይድገሙት። «የሕክምና መረጃዬ ያለ ፈቃዴ ለ… ተገልጧል» ይበቃል፤ አቤቱታውም በብዙ እጅ ያልፋልና።

12. ሥራ ሲለቁ

የመልቀቂያ ክሊራንስ ሲያዞሩ የሰው ሀብት ክፍሉን «በማኅደሬ ውስጥ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ» ይበሉ። የሕክምና ወጪ ዋና ሰነድ ለኦዲት በፋይናንስ ይቀመጣል፤ በግል ማኅደርዎ የገቡ ቅጂዎች ግን እንዲወጡና እንዲመለሱልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማኅደሩን ለአዲሱ አሠሪ የሚልክ መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ይህን ከመላኩ በፊት ያድርጉት።